የማታው ድርሻ

ሰልዋ ትዋሻለች ያሉኝ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ናቸው። እኔም አመንኳቸው፤ ደሟ የሚናገረው ያንን ነበር።

ፋርማሲ ተምሬ ወደ ተወለድኩባት ቆቦ የተመለስኩት ለአንድ ጥናት ተቀጥሬ ነው። ጥናቱ የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ከሐኪሞቻቸው ሲርቁ ኩላሊቱ ለምን ቶሎ ይከዳቸዋል? ምን ቢደረግ ረጅም ዓመት ያገለግላቸዋል? መልሱን ለማግኘት ከመርሳ እስከ ዋጃ ያሉትን በየወሩ ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ። ጣታቸውን እወጋለሁ፤ የደም ጠብታውን ወፍራም ወረቀት ላይ አድርቄ በአውቶቡስ እልካለሁ። ከዚያ ጠብታ ውስጥ ዋናው መድኃኒት ምን ያህል እንዳለ አዲስ አበባ ላይ ይለካል።

ዋጃ ላይ ያለችኝ አንድ ሰው ሰልዋ ነበረች። አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ካርድ ትሸጣለች፣ የተሰበረ የስልክ መስታወት ትቀይራለች። ኩላሊት የሰጣት ታላቅ ወንድሟ ሙህሲን ነው። እሱ ገበሬ ነው፤ የግራ ጎኑን አስቀድዶ ከወጣ በኋላ በሚቀጥለው ክረምት እርሻው ላይ ነበር።

ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ይሁኔ አንድ ቀን ደወሉልኝ።

«የዋጃዋ ልጅ መድኃኒቱን አትወስድም» አሉ።

«ባዶውን እሽግ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዶክተር።»

«እሽጉን ዶሮም ባዶ ልታደርገው ትችላለች። መጠኑን ከፍ አድርገንላት እንኳ ደሟ ውስጥ ያለው ከሚገባው በታች ነው። ኩላሊቷም መድከም ጀምሯል። ሂጂና እውነቱን አውጪ።»

እኔ ማባበል አልችልም። ሱቋ በር ላይ እንደቆምኩ ነው የጠየቅኳት።

«ሰልዋ፣ መድኃኒቱን ትውጫለሽ ወይስ አትውጪም?»

«እውጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ወላሂ። ጠዋት ስነሳ ከውሃ በፊት እሱን ነው የማስታውሰው።»

«ታዲያ ደምሽ ለምን ሌላ ይናገራል?»

«ደሜን ጠይቂዋ። በየወሩ እየወሰድሽ አዲስ አበባ የምታሳይው አንች አይደለሽ?»

ሳቀች። ስትስቅ ዓይኖቿ ጠፉ፤ ፊቷ ማበጡን ያየሁት ያኔ ነው። ስልካቸው እስኪሞላ አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ በመሃል ገቡ።

«ይች ልጅ ሐኪም ናት ፖሊስ?»

«ሁለቱንም ሞክራ አልሆነላትም» አለቻቸው ሰልዋ።

«ዛሬ እናንተ ቤት ነው የምውለው» አልኳት። «የማታውንም ስትውጪ በዓይኔ አያለሁ።»

የሚዋሽ ሰው እንዲህ ሲባል ይደነግጣል። እሷ ደስ አላት።

«ነይ። እማ ዶሮ እንዳታርድልሽ ብቻ። አንች በመጣሽ ቁጥር ዶሮዎቹ ይሸበራሉ።»

ቤታቸው ከዋጃ ወረድ ብሎ የጎርፍ መጥለፊያው ቦይ አጠገብ ነው። ማሽላው እሸት ይዞ ነበር። በዚያ ወቅት ሙህሲን ጀምበር ሳትጠልቅ ራቱን በልቶ ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ከርከሮ እንዳይገባበት ማማ ላይ ያድራል። ስንደርስ እየበላ ነበር። ቀጭን፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ሰላምታውን ሰጥቶ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። እናታቸው እማማ ኡሙልኸይር ዶሮ አላረዱም፤ ግን ስለ ዶሮው ይቅርታ ጠየቁኝ።

ሙህሲን እጁን ሲታጠብ እማማ ከምሰሶው የተንጠለጠለውን ከረጢት አወረዱ። አውቀዋለሁ፤ መድኃኒቱን ሙቀት እንዳያገኘው እዚያ ጥላ ውስጥ ስቀሉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከእሽጉ የማታውን ፍሬ ገፍተው አወጡ። ሰልዋ እጇን ትዘረጋለች ብዬ እሷን አያለሁ። ሰልዋ ሳህን እያነሳች ነበር። እማማ በአጠገቧ አልፈው ፍሬውን ሙህሲን መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«እንካ፣ ድርሻህን።»

«ቢስሚላህ» አለ ሙህሲን። መዳፉን ጨበጠ፣ የውሃ ጀሪካኑን በሌላው እጁ አነሳ። «እዚያው እውጠዋለሁ፣ ይመሽብኛል።»

ወጣ። ጨው እንደመቀባበል ያለ ነገር ነበር። ማንም ከማንም አልደበቀም፤ ከኔም።

«እማማ፣ አሁን የሰጡት ምንድን ነው?»

«የሱ ነው። የጠዋቱ የሷ፣ የማታው የሱ።»

«እንዲህ አድርጉ ያላችሁ ማን ነው?»

«ማን ይላል? አንች የቆቦ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ወደ ግቢው በአገጫቸው አመለከቱ። «ያችን ላም አየሻት? የጎረቤታችን የውዱ ናት። የርቢ ናት። እቀልባታለሁ፣ ወተቷን እጠጣለሁ፤ የወለደችውን እንካፈላለን። ጥጃዋን ለብቻዬ ብበላ ሌባ ነኝ። የሰልዋስ ኩላሊት ከሷ በምን ትለያለች? ባለቤቷ ሙህሲን ነው፤ ሰልዋ ጋ ተቀምጣለች። በሷ ሰበብ የመጣ መድኃኒት እንዴት ለብቻ ይበላል? እሱስ በቀረችው በአንዷ አይደል የሚያርሰው? ማን ይጠብቃታል?»

«መጠኑን ከፍ ስናደርገውስ?»

«አልሐምዱሊላህ አልን። ለሁለቱም ጨመረላቸው።»

ሰልዋ ሳህኑን ይዛ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ጥፋት ያደረገ ሰው መልክ የለም። የተጠየቀችውን ሁሉ በትክክል መልሳለች። ትውጫለሽ ስላት ትውጣለች። በየቀኑ ስላት በየቀኑ ነው። አልቋል ስትለኝ አልቋል።

ነገሩን ባጭሩ ነገርኳቸው፤ የማውቀው እንደዚያ ብቻ ነው። ይህ መድኃኒት ኩላሊት የሚያጠነክር መድኃኒት አይደለም። የሙህሲን ኩላሊት መድኃኒት አይፈልግም። መድኃኒቱ የሚሠራው ሰልዋ ላይ ነው። ሰውነቷ የገባበትን ባዕድ ነገር እንዳያጠቃ ያደነዝዘዋል፤ ግማሹ ሲጎድል ይነቃና ኩላሊቷን ይወጋታል። አሁን እየወጋት ነው።

«ባዕድ?» አለች ሰልዋ። «የአያ ሙህሲን ኩላሊት?»

«አዎ።»

«የአንድ እናት ልጆች ነን እኮ።»

«ሰውነት ይህን አያውቅም።»

እማማ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ላሟ ስታመነዥክ ይሰማል።

ቀድማ የተናገረችው ሰልዋ ናት። ስለራሷ አልጠየቀችኝም።

«አያ እንዳይሰማ» አለች። «ኩላሊቷን ያጠፋት በሱ ጉሮሮ የወረደው ነው ብላችሁ ብትነግሩት እሱ አብቅቶለታል። ለሷ ጨምረውላታል፣ ከዛሬ ወዲያ ሙሉው ያስፈልጋታል በሉት። ሌላ አትበሉት።»

«እውነቱን ማወቅ አለበት።»

«ለምን? አውቆ ምን ያደርጋል?»

 ተስማማሁ። ግን የሱንም ደም መመርመር ነበረብኝ፤ ጤነኛ ሰው ያለ ሐኪም ይህን መድኃኒት ሲወስድ መክረሙ በራሱ አደጋ ነው። ጠዋት ከማሳው ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኩት። የጣቱ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ነው፤ ደግሜ መውጋት ነበረብኝ።

«የኔም ደም ተፈለገ?» አለ።

«ከሷ ጋር ለማነጻጸር ነው።»

«እሷ ደህና ናት?»

«አዲስ አበባ ሄዳ ትታያለች።»

«ኢንሻአላህ ደህና ናት» አለና በተወጋው ጣቱ ጀሪካኑን አነሳ።

ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር። ሰልዋን ቆቦ ላይ የአዲስ አበባ አውቶቡስ አሳፈርኳት፤ ሱቁን ለጎረቤት ልጅ አደራ ሰጥታ የሚጠገኑትን ስልኮች በከረጢት ይዛ ሄደች፤ ሆስፒታል ተኝታ ልትጠግናቸው። አዲስ አበባ ላይ ኃይለኛ መርፌ ጀመሩላት። መጀመሪያ ላይ የሚያጽናና ወሬ ነበር። እብጠቱ ቀነሰ፣ ሽንቷ መጣ። በየቀኑ እደውላለሁ፤ ስለ ክፍሉ ሰዎች ታወራልኛለች። አጠገቧ የተኛችው ሴት ስልክ ድምፅ አልነበረውም፣ ሠራችላት፤ አሁን ሌሊቱን ሙሉ መንዙማ እየከፈተች አላስተኛ ብላታለች። ያንን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔም ኩላሊቷ ትተርፋለች ብዬ አስቤ ነበር።

ከዚያ ዶክተር ይሁኔ ደወሉ። የማሽላው አጨዳ ተጀምሮ ነበር።

«ኩላሊቷን ማትረፍ አልቻልንም» አሉ። «ናሙና አይተናል፤ ጠባሳ ብቻ ነው የቀረው። እጥበት ትጀምራለች። ለእናንተ የሚቀርበው ደሴ ነው፤ ወደዚያ እንልካታለን።»

«ሌላ ንቅለ ተከላስ?»

«ከማን?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ሌላም ነገር አለ» አሉ። «የወንድሟ ደም ንጹሕ ነው። አንድም የመድኃኒቱ ምልክት የለበትም።»

«ሊሆን አይችልም። ማታ ተቀብሎ ሲወጣ አይቻለሁ፤ የወጋሁት በማግስቱ ጠዋት ነው።»

«ተቀብሎ ይሆናል። አልዋጠውም።»

ያ መድኃኒት አዲስ አበባ በየፋርማሲው የሚፈለግ፣ ሰው በልመና የሚያገኘው መድኃኒት ነው። የሚገዛ አይጠፋም። ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ ያ ነው፤ ከዋጃም ባጃጅ ይዤ ማሳው ድረስ ስሄድ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። እህቱ ሆስፒታል ናት፤ እሱ ድርሻውን ሸጦታል።

ሙህሲን ከሌሎች አጫጆች ራቅ ብሎ አገዳ እያሰረ ነበር።

«አያ ሙህሲን» አልኩት፤ ሰላም እንኳ አላልኩትም። «የማታውን መድኃኒት ለማን ሸጥከው?»

ማጭዱን አስቀመጠ።

«ሸጥኩት?»

«ደምህ ውስጥ የለም። የት አደረስከው?»

ማማው ላይ ወጣ። ከጣሪያው ሣር ውስጥ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አውጥቶ ወረደ። በፌስታል ጠቅልሎ በጨርቅ አስሮታል። በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ለሷ ነው» አለ። «መንገድ ሲዘጋ።»

አልገባኝም።

«ጦርነቱ ጊዜ አክስታችን ኡሙሃኒ የስኳር በሽተኛ ነበረች» አለ። «መንገዱ ተዘጋ፣ መድኃኒቷ አለቀ። ቆቦ ብሄድ የለም፣ ጎብዬ ብሄድ የለም። አፈር ያለበስኳት እኔ ነኝ። የሰልዋም አንድ ቀን ቢቋረጥስ ብዬ እማ የምትሰጠኝን አንዷንም ሳልውጥ አስቀመጥኩላት። አዲስ አበባ አጥሯት እንደሆነ ውሰጅላት።»

«ለምን መጀመሪያውኑ አልወስድም አላልክም?»

የልጅ ጥያቄ እንደጠየቅኩት ፈገግ አለ።

«እንዴት እላለሁ? ድርሻዬን አልፈልግም ያለ ሰው ላሙን ሊነዳ የመጣ ነው። ውዱ አንድ ቀን ጥጃውን ተይው ቢላት እማ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ላሜን ሊወስድ ነው ብላ። ሰልዋም እንደዚያው ነው የምታስበው። አያ ኩላሊቱን ቆጨው ትላለች። እንደዚያ እንድታስብ አልፈልግም። ስለዚህ እየተቀበልኩ እወጣለሁ።»

ጨርቁን ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ። የቆቦ ሜዳ ሙቀት ጣሳው ውስጥ ገብቶ ሥራውን ሠርቷል። ፍሬዎቹ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ አንዳንዱ ፈንድቶ ዱቄቱ ወጥቷል። ጣሳው ሙሉ ነበር።

«ሰልዋ ከእንግዲህ ይህ መድኃኒት አያስፈልጋትም» አልኩት።

ፊቱ በራ።

«ዳነች?»

እንዲህ ብሎ ይጠይቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«አልዳነችም። ኩላሊቷ ሞታለች።»

«የኔዋ?»

«የሰጠኻት።»

አገዳው ላይ ተቀመጠ። እጁን ግራ ጎኑ ላይ አደረገ፤ የሚያደርገውን የሚያውቅ አይመስለኝም።

«በምን ሞተች?»

እኔ ለጥያቄ ፈጥኜ እመልሳለሁ፤ ለዚህ አልመለስኩም። ለሰልዋ ቃል ገብቼላታለሁ። እሱ ግን የሚያየው እኔን አልነበረም። ጣሳውን ነበር የሚያየው።

«የማታውም የሷ ነበር?»

«አዎ።»

«ሙሉው?»

«ሙሉው።»

ከወዲያኛው ማሳ አንድ ሰው ውሃ አምጣ ብሎ ተጣራ። «መጣሁ» አለ ሙህሲን፣ በየቀኑ በሚመልስበት ድምፅ። አልተነሳም።

«የቀረችውን ብሰጣትስ?» አለኝ።

«በሷ ነው የምትኖረው፣ አያ።»

«አውቃለሁ።»

«ማንም ሐኪም እሺ አይልህም።»

ራሱን ነቀነቀ። ማጭዱን አንስቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ የወጋሁት ጣት ነው።

«ሰልዋ የምታውቀው እንደዋጥኩት ነው?»

«አዎ።»

«እማም?»

«እሳቸውም።»

«እንግዲያው ውጬዋለሁ» አለ። «ከሷ የጎደለው እኔን ጠቅሞኛል ብለው ይኑሩ። ይህን ደግሞ ከዚህ አውጭልኝ። እማ እህሉን ልታይ ትመጣለች።» ጀሪካኑን አንስቶ ወደተጠራበት ሄደ።

የዚያ ወር ሥራዬን ጨረስኩ። በየቤቱ የምጠይቀው አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ዶክተር ይሁኔ ለሌሎቹም አካባቢዎች እንዲላክ አድርገዋል። ይህን መድኃኒት ካንተ ሌላ የሚቀምስ ሰው አለ? ጎብዬ ያለው ደሳለኝ ስጠይቀው ከልቡ ሳቀ። «ሚስቴ የበሰለውን አትካፈለኝም፣ ይህን መራራ ልትካፈለኝ ነው?» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። ሌላውን ጥያቄ ጠየቅኩት።

ከዚያ ደሴ ሄድኩ። የእጥበት ክፍሉ ውስጥ ማሽኖቹ ተደርድረው ይሽከረከራሉ። ሰልዋ መስኮት አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ጋደም ብላ ነበር። ደሟ በቀጭን ቱቦ ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል። ከስታለች፤ ቆዳዋ ጠቁሯል። በነፃው እጇ የአንዷን ነርስ ስልክ ታገላብጣለች።

«እዚህም ሱቅ ከፈትሽ?» አልኳት።

«በሳምንት ብዙ ቀን እዚህ ነኝ። ኪራይ የማይጠየቅበት ሱቅ ነው።» ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ደሜን አየሽው? አሁንስ የሚደበቅሽ የለም፤ በሙሉ ውጭ ነው።»

ልስቅ ሞከርኩ።

«እማ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው። ላሟን ለውዱ መለሱለት።»

«ለምን? ወልዳለች እኮ።»

«ከነጥጃዋ ነው የመለሱለት። ውዱ ምን አጠፋሁ ብሎ ሽማግሌ ይዞ መጣ። እሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም።»

ሰልዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቱቦውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ነርሷ መጥታ ክንድሽን አታንቀሳቅሺ አለቻት። ሰልዋ እሺ አለች። ስትዞር ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነው።

«አያስ?»

«እህሉን እየሰበሰበ ነው።»

«አልሰማም አይደል?»

«አልሰማም።»

«ኩላሊቱ እንዴት ናት? መርምረሽዋል?»

«መርምሬዋለሁ። ጤነኛ ናት።»

 ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ።

«ትርሲት» አለች። «ያኔ መድኃኒቱ የሱን ኩላሊት አይጠቅምም ብለሽ ነበር። እንዲያው ትንሽም ቢሆን... ያ ሁሉ ማታ የወሰደው፣ ትንሽ አልጠበቃትም?»

በዓይኗ ያዘችኝ። ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ ቢያመጡብኝ መልሱን በአንድ መስመር እጽፈው ነበር።

«ጠብቋታል» አልኳት።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ደሙ ንጹሕ ነው፤ ዶክተር ይሁኔ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«ከንቱ አልቀረም እንግዲያ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ቦርሳዬ ከወንበሬ ሥር ነበር። የተበላሸውን መድኃኒት አዲስ አበባ የሚያስወግዱት ሰዎች ዘንድ ላደርሰው ጣሳውን በውስጡ ይዤ ነበር የመጣሁት። እግሬ ነካውና ቦርሳው ወደ ጎን ጋደለ፤ ደነገጥኩ። ሰልዋ አልሰማችም። ሙቀቱ ፍሬዎቹን አጣብቋቸዋል፤ ጣሳው አይንኳኳም።